ሁለት በመቶ

ወልቂጤ ላይ ቤት ልገዛ በተነሣሁበት ዓመት እንቅልፍ የነሣኝ የቤቱ ዋጋ ሳይሆን የደላላው ሁለት በመቶ ነበር ብል ማን ያምነኛል? እውነቱ ግን ይኸው ነው። 210 ሺህ ብር የሚባለው ቁጥር ከአቅሜ በላይ ስለነበር እንደ ሩቅ ተራራ አይቼው አልፍ ነበር። 4,200 ብርን ግን አውቃታለሁ። የሁለት ወር ደመወዜ ነበረችና ሌሊት ሌሊት ዓይኔ ላይ ትዞራለች።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ልጄ ነው። ባለፈው ጥር ካለበት ከአዲስ አበባ ደወለ። ሥራ ከያዘ ሁለተኛ ዓመቱ ነው፤ ከባንክ ተበድሮ ባለ አንድ መኝታ ቤት ሊገዛ አስቧል። የዛሬ ልጆች እንደ ጎህ ቤቶች ባንክ ያለ፣ ከስሙ ጀምሮ ቤት ቤት የሚል ባንክ አላቸው። "አባ፣ አንድ የፋይናንስ አማካሪ አለ። ሁሉንም እሱ ይጨርስልሃል ብለውኛል፤ የሚያስከፍለው በመቶኛ ነው። ልያዘው ወይስ ይቅርብኝ?" አለኝ። ወዲያው መመለስ አቃተኝ። "ቆይ፣ እደውልልሃለሁ" ብዬ ዘጋሁና ከአልጋው ሥር ያለችውን የቆርቆሮ ሳጥን ጎትቼ አወጣሁ። ሳጥኗ ስትከፈት የብል መድኃኒትና የአሮጌ ወረቀት ሽታ ይወጣታል፤ ከዚያ ሥር ግን፣ አፍንጫዬ አርጅቶ ቅዠት ጀምሮት ካልሆነ በቀር፣ ዛሬም ቅቤ ቅቤ ትለኛለች። የቅቤውን ነገር እመለስበታለሁ።

እንግዲህ ወደ 2004 ዓ.ም. መስቀል ልውሰዳችሁ። ያኔ ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ወልቂጤ ላይ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምራለሁ። መቶኛን፣ ወለድን፣ ትርፍና ኪሳራን የጠመኔ አቧራ እየታጠንኩ ለዘጠነኛ ክፍል ልጆች የማስረዳ ሰው መሆኔን ያዙልኝ፤ በኋላ ትስቁብኛላችሁ። መስቀል ሲደርስ መርካቶ ሱቁን ይዘጋል፤ የዘጋውም ሁሉ 158 ኪሎ ሜትሩን በጅማ መንገድ ወርዶ ወልቂጤ መናኸሪያ ላይ ይፈስሳል፤ ከዚያ ወደ እምድብር፣ ወደ ጉንችሬ፣ ወደ አገና ይበተናል። እኛም ሁለቱን ልጆች ይዘን ከእምድብር ወዲያ ወዳለው ወደ እናቴ ቤት ሄድን። እናቴን አዶት ነው የምንላት። ጀፎረው ላይ፣ በመንደሩ ሰፊ መንገድ፣ ልጆች ይሯሯጣሉ፤ ከየጎጆው የጭስና የእንሰት ቅጠል ሽታ ይወጣል። አዶት ክትፎውን በጣባ ስታቀርብ ከላዩ የሚነሣው የቅቤና የሚጥሚጣ እንፋሎት ዓይን ያስለቅሳል።

የመርካቶው አጎቴ አንድ ሁለቴ ጎረሰና ቀና ብሎ አየኝ። "አንተ ልጅ፣ የሰውን ልጅ ስታስተምር የራስህን በሰው ግቢ ልታሳድግ ነው?" አለ። ቤቱ ጸጥ አለ። ነገሩ አንጀቴ ውስጥ ገባ። እውነት ነበራ! የተከራየናት ሁለት ክፍል ባለቤት ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን መብራት የሚያጠፋ፣ ልጆቼ ጮክ ብለው ሲስቁ በር የሚያንኳኳ ሰው ነበር።

በእኛ ቤት ግን ቤት መግዛት የዋዛ ወሬ አይደለም። አባቴ መርካቶ ውስጥ ተሸክሞ፣ ነግዶ፣ እቁብ ጥሎ ባጠራቀማት ገንዘብ ወልቂጤ ላይ ሁለት የሚከራዩ ክፍሎች ሠርቶ ነበር። ሐምሌ 1967 አዋጅ ቁጥር 47 መጣ፤ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። አባቴ አዲስ አበባ ያለችውን አንዲት ክፍል መኖሪያዬ ብሎ ሲያስመዘግብ የወልቂጤዎቹ ትርፍ ተባሉና ለቀበሌ ገቡ። እኔ ያን ጊዜ ገና አልተወለድኩም። በልጅነቴ ግን በዚያ ሠፈር ባለፍን ቁጥር አባቴ ሳይቆም፣ ፊቱንም ወደዚያ ሳያዞር፣ "ሠላሳ ሁለት ቆርቆሮ" ይል ነበር። ሌላ ቃል አይጨምርም። ገንዘብ ብታገኝ ዕቃ ግዛበት ይለኝ ነበር፤ ዕቃ ይዘህ መሮጥ ትችላለህ፣ ቤት ይዞ የሮጠ ግን አላየሁም። እሱ ካረፈ በኋላ እንኳ ቤት የሚል ሐሳብ በመጣብኝ ቁጥር ያቺ ሠላሳ ሁለት ቆርቆሮ ጆሮዬ ውስጥ እንደ ዝናብ ትወርድብኝ ነበር።

ባለቤቴ የቡታጅራ ልጅ ናት፤ ወልቂጤ ላይ በርበሬና ቅመም የምትሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለቻት። "ከገዛን እዚያው ከወገኖቼ አጠገብ እንግዛ" አለች። በመስቀሉ ማግስት ሄድን። ያኔ ሁለቱም ከተሞች በአንድ ዞን ነበሩ፤ ዛሬ ቡታጅራ ምሥራቅ ጉራጌ ሆናለች። ዘቢዳር ደመና ተከናንቦ ከበላይ ቆሟል፤ ከሥሩ ከተማዋ በርበሬ በርበሬ ትሸታለች። ገና ከመኪና ሳልወርድ ማስነጠስ ጀምሬ እስከ ማታ አላቆምኩም። የባለቤቴ አጎት የማረቆ በርበሬ ነጋዴ ናቸው። መጋዘናቸው ውስጥ ጆንያ ላይ አስቀምጠውኝ ስለ ሠፈሩና ስለ ዋጋው ሲያወሩ እኔ ያስጨነቀኝን ጠየቅኋቸው። "ደላላ እንዳያታልለኝ እፈራለሁ" አልኩ።

ሳቁብኝ። "ዋጋውን በአፉ የነገረህን ሰው ምን ትፈራዋለህ? ያልነገረህን ፍራ እንጂ።" ይህን ሲሉ አንድ ጣታቸው የሚዛኑን ሳህን ደገፍ አድርጋው ነበር፤ ልማድ ሆኖባቸው ይሆናል።

ቡታጅራ ላይ ያየነውን ቤት ወድደነው ነበር፤ የእኔ ዝውውር ግን አልሆነም። ወልቂጤ ቀረን።

ደላላውን ያገኘሁት መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ነው። ሃምሳ ዓመት ግድም የሚሆነው ቀጭን ሰው፣ የቀኝ ጫማው ሶል ተገንጥሎ በወፍራም ክር የተሰፋ። የቀረፋና የቅርንፉድ ሽታ በሚተንበት ብርጭቆ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ "መምህር፣ እኔ የምቀበለው ሁለት በመቶ ነው። ከሻጩ ሁለት፣ ካንተም ሁለት። ካልገዛህ ደግሞ ሻዬን ከፍለህልኝ እንለያያለን" አለኝ። እኔም "እስቲ እናያለን" አልኩት። አያችሁ፣ በዕድሜ ታላቄ ነበር፤ እኔ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንተ ነበር የምለው። ለምን? ደላላ ነዋ! ይህን ያዙልኝ፤ ይህንንም እመለስበታለሁ።

ሦስት ሳምንት ከእሱ ጋር በእግር ዞርኩ። ጉብሬ ላይ ዩኒቨርሲቲ ሊከፈት ነው ተብሎ ባለ ጭቃ ቤቱ ሁሉ ዋጋውን ሰቅሏል፤ እውነትም በዚያው ዓመት ማስተማር ጀመረ። በ2003 መንግሥት ለዘይትና ለስኳር የዋጋ ጣሪያ አበጅቶ ነበር፤ ለቤት ግን ጣሪያ ያበጀለት አልነበረም። አንዱ ቤት በረት በረት ይሸታል፤ ሌላው ጉድጓዱ ከወጥ ቤቱ ጋር ተጣብቋል። ደላላው ፊት ፊት እየሄደ፣ ያቺ ሶል ጧ ጧ እያለች፣ "ይሄ አይሆንህም መምህር፣ ክረምት ውሃ ይገባዋል" እያለ እሱ ራሱ ያስጥለኛል። ገበያውን ራሱ የሚያበላሽ ደላላ ምን ዓይነት ደላላ ነው እያልኩ ይበልጥ ጠረጠርኩት።

በመጨረሻ ያቺን ቤት አየን። አራት ክፍል፣ የባሕር ዛፍ ማገር፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ከጓሮ አንድ አቮካዶና ሰባት እግር እንሰት። በሩ ሲከፈት የቀዘቀዘ ምድጃና የቆየ ሣር ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ የአዶት ቤት ሽታ ነው። ባለቤቴ ምንም አላለችም፤ እንሰቶቹን ቆጠረች። ስትቆጥር ሳያት ገዝተነዋል ማለት ነው አልኩ በሆዴ። 240 ሺህ ተብሎ 210 ላይ ቆመ።

ደላላው ግን እጄን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። "ካርታው በሟች አባታቸው ስም ነው። የወራሽነት ማስረጃ አውጥተዋል፤ አምስት ናቸው። አንዲት እህታቸው ግን አዲስ አበባ ናት፤ ውክልና አልሰጠችም። የእሷ ሳይመጣ እንዳትፈርም። ዕዳና እገዳ እንደሌለበትም ማዘጋጃ ቤት ሄጄ አይቼልሃለሁ።" እኔ ይህን መጠየቅ እንዳለብኝ እንኳ አላውቅም ነበር። እሱ ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ ተመላልሶ እህትየዋን ውልና ማስረጃ አስገብቶ ውክልናውን ይዞ መጣ። የትራንስፖርቱን አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ቀብድ 20 ሺህ ከፈልኩ፤ ቀሪው በሠላሳ ቀን። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቀብድ ላይ ቀልድ አያውቅም፤ የሰጠ ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀራል፣ የተቀበለ ቢያፈርስ እጥፍ ይመልሳል። ከዚያ ላይ አዲስ የሊዝ አዋጅ ሊወጣ ነው የሚል ወሬ ከተማውን ናጠው። እውነትም ኅዳር ላይ አዋጅ ቁጥር 721 ወጣ፤ ነባር ይዞታ ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ይገባል የሚል ነበረበት። ወልቂጤ ላይ አንቀጹን ያነበበ ሰው አላጋጠመኝም፤ ፍርሃቱን ግን በቃሉ የማይደግም አልነበረም። ቀብዱን ጨምሮ ያለኝ ሁሉ ተሟጥጦ 130 ሺህ። የጎደለኝ 80 ሺህ። ባለቤቴ "የነጋዴ እቁቤ አለ፤ ዳኛውን ላናግር" አለች። እኔ የተማርኩት ሰው፣ "እቁብ ለሱቅ ነው፤ ቤት በባንክ ነው የሚገዛው" አልኳት። ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

አማካሪውን ያስተዋወቀኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሆቴል በረንዳ ላይ ተቀጣጠርን። ከረባት፣ ጥቁር የቆዳ ቦርሳ፣ ከማኪያቶው ሽታ የበለጠ የሚጣራ ሽቶ። ከእኔ በአምስት በስድስት ዓመት ያንሳል፤ እኔ ግን ገና እጁን ስጨብጥ "እርስዎ" አልኩት። "የፋይናንስ አማካሪ ነኝ" አለ። ያን ቃል ወልቂጤ ላይ ከሰው አፍ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። ስለ ዋስትና፣ ስለ ወለድ ምጣኔ፣ ስለ አዋጭነት ጥናት በወረቀት ላይ ሠንጠረዥ እየሠራ አስረዳኝ። ብድሩ በሁለት ሳምንት ያልቃል አለ። የጥናት ክፍያው 6,000 ብር፣ ቅድሚያ።

ወዳጄ፣ በደላላው 4,200 ላይ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ ያጣው ሰው በ6,000ው ላይ አንድ ቃል አልተከራከረም። ከረባት ካሰረ ሰው ጋር መከራከር ነውር መሰለኝ። ሒሳብ አስተማሪ ነኝና አንድ ጥያቄ ብጠይቅ አላዋቂነቴ የሚታይብኝ መሰለኝ። የማኪያቶውንም እኔ ከፈልኩ።

የቅቤው ነገር እዚህ ላይ ነው። አዶት ቤት ልገዛ መሆኔን ስትሰማ 4,000 ብር ልካልኝ ነበር። በውጆ፣ በሴቶቹ የቅቤ እቁብ፣ ተራዋ ሲደርስ ያገኘችውን ቅቤ ገበያ እያወጣች፣ ብሩን በነጭ ጨርቅ ቋጥራ ከቅቤው ማሰሮ አጠገብ ስታኖር ስንት ዓመት እንዳለፋት አላውቅም። ኖቶቹ ለስልሰው፣ ወዝተው፣ ኮረሪማና ቅቤ ይሸቱ ነበር። ለአማካሪው የሰጠሁት እነዚያን ነው፤ ከላይ ስለነበሩ ብቻ። ቆጠራቸው። ከዚያ ጣቶቹን ወደ አፍንጫው አቀረበ፣ ከጠረጴዛው ላይ ሶፍት አነሣና አንድ በአንድ ጠረጋቸው። አየሁት። አላየሁም ብዬ ወደ መንገዱ ዞርኩ።

በአሥረኛው ቀን ጥናቱን አመጣ። በፕላስቲክ ሽፋን የተጠረዘ ሁለት ገጽ፤ አንደኛው ገጽ ላይ ስሜ ተሳስቶ ተጽፏል። እሱን ይዤ ባንክ ገባሁ። የብድር ክፍሏ ልጅ፣ ተማሪዬ ልትሆን የምትችል ወጣት፣ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገችና በትሕትና አስረዳችኝ። "መምህር፣ ቤቱን በዋስትና ለመያዝ ካርታው በእርስዎ ስም መሆን አለበት።" በስሜ እንዲሆን ደግሞ ለሻጮቹ ገንዘቡን መጨረስ አለብኝ። ገንዘቡን ለመጨረስ ብድሩ ያስፈልገኛል። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። ልጅቷ ወረቀቱን ስትመልስልኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ይህን እኮ እዚህ መጥተው ቢጠይቁን በነፃ እንነግርዎ ነበር" አለችኝ።

አማካሪውን ስደውልለት ስልኩ ይጠራል፣ አይነሣም። አንድ ቀን አነሣና ክፍያው የጥናት እንጂ የውጤት እንዳልሆነ በጨዋ ቋንቋ ነገረኝ። አላታለለኝም ማለት ነው። ያልጠየቅሁትን አልነገረኝም፣ ሌላ ምን አጠፋ? ማታ አልጋዬ ላይ ክፍያው ከብድሩ ስንት በመቶ እንደሆነ ላሰላ ሞከርኩ። የተገኘው ብድር ዜሮ ነው። በዜሮ ማካፈል ደግሞ በሒሳብ ክልክል ነው፤ ለልጆቹ የማስተምረው እኔው ነኝ።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። ለባለቤቴ ሁሉን ተናገርኩ። የስድስት ሺሁን ነገር ስትሰማ አልጮኸችም፤ የቅቤውን ስትሰማ ግን ተነሥታ ወጣች። በማግስቱ ነጠላዋን አደግድጋ የእቁባቸው ዳኛ ዘንድ ሄደች። እሳቸው መጽሐፋቸውን ገለጡ፣ በእርሳስ አንድ ነገር አሰመሩ፣ የዚያ ሳምንት እጣ የወጣለትን ነጋዴ አስጠሩ። ሰውየው 3,000 ብር ይሰጠኝ አለ፣ እጣውን ሸጠልን፤ ሁለት ዋስ ቀረበ፤ 80 ሺህ ብር በላስቲክ ታስሮ እጄ ገባ። ነገሩ ሁሉ የፈጀው ቡና ተፈልቶ ሦስተኛው እስኪጠጣ ነው። ዳኛው ከእኛ የተቀበሉት አንድ ኪሎ ቡና ብቻ ነው፤ እሱንም ባለቤቴ በግድ። የቀረችውን ጉድለት የመርካቶው አጎቴ ሞላት።

የተፈራረምን ቀን አምስቱም ወራሾች ወይም ወኪላቸው፣ ምስክሮቹና ደላላው ተሰበሰብን። ታላቅ ወንድማቸው ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጠረ። ስንወጣ ደላላው ዛፍ ሥር ቆሞ ጠበቀኝ። እጄን ኪሴ ከተትኩ። ስድስት ሺሁ፣ ሦስት ሺሁ፣ የአጎቴ ዕዳ ሁሉም አንድ ላይ ታየኝና በዚያ ሁሉ ላይ ያለኝን ንዴት በዚህ ሰው ላይ ላወርደው ፈለግሁ። "ከሻጮቹም ትቀበላለህ አይደል? ይሄ ይበቃሃል" ብዬ 2,500 ብር ሰጠሁት። ብሩን አየ፣ ጫማውን አየ። "እግዜር ይስጥልኝ መምህር፣ ቤቱን የልጅ ያድርግልህ" አለና ሄደ። ያቺ ሶል ጧ ጧ እያለች እስክትርቅ ሰማኋት። ዓመታት ሙሉ፣ ዝናብ በዚያ ቤት ቆርቆሮ ላይ በመታ ቁጥር፣ ከአባቴ ድምፅ ሥር የሶሏንም ድምፅ እሰማ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ የጸጸት ታሪክ ይሆን ነበር፤ ለእኔም ያምርብኝ ነበር። አላለቀም።

በ2010 መስቀል ያቺ የአዲስ አበባዋ እህት የአባቷን ግቢ ልታይ መጣች። እንሰቶቹ ሃያ ሆነዋል። ቡና ላይ ሳለን፣ "የአባዬ ቤት በ200 ሺህ ሲሸጥብን አልቅሼ ነበር" አለች። "በ210" አልኳት። "በ200" አለች። ተያየን። ነገሩን ስናፍታታው ታላቅ ወንድሟ ከደላላው ጋር ለእኛ 200 ይድረሰን፣ ከዚያ በላይ ያመጣኸው የአንተ ነው ተባብለው ኖሯል። መርካቶ ያደገ ሰው ይህን ሹካ ይለዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ከተማው ሁሉ ሲያውቅ እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ለዚያ ጫማ ስጸጸት ኖርኩ!

የሒሳብ አስተማሪነቴ ተቀሰቀሰ። አሥር ሺው ሹካ፣ ሁለት ሺህ አምስት መቶው የእኔ፤ ሲደመር ስድስት በመቶ ሊሞላ ምንም አልቀረው። በማግስቱ መናኸሪያው ወረድኩ። በዚያችው ሻይ ቤት፣ በዚያው ወንበር ተቀምጦ አገኘሁት። ጫማው አዲስ ነው። ልጮህበት የሄድኩ ሰው ፊቱን ሳየው፣ ጸጉሩ ሙሉ በሙሉ መንጣቱን ሳየው፣ ከአፌ የወጣው "ጋሼ" የሚል ሆነ። ለመጀመሪያ ጊዜ። "ጋሼ፣ የያኔውን ሹካ ሰማሁ እኮ" አልኳቸው።

አልደነገጡም። ሻዬን አዘዙልኝ። "መምህር፣ አዲስ አበባ ሦስት ጊዜ ስመላለስ፣ እህትየዋ እምቢ ብላኝ ሁለት ሌሊት አውቶቡስ ተራ ሳድር፣ ትራንስፖርቱን ማን የከፈለ መስሎህ ነው? ወንድሟንም ለምኜ ነው ለእሷ ድርሻዋን ያሰጠኋት።" ጥቂት ዝም አሉ። "አንተ ደግሞ የዚያን ቀን ሁለት በመቶዬን ሳትቆርስ ብትሰጠኝ ኖሮ ከዚያው ላይ እመልስልህ ነበር።"

ይመልሱልኝ ነበር? አላውቅም። እሳቸውም የሚያውቁት አይመስለኝም። የቀረፋው ሽታ ያው የድሮው ነበር። ሻዩን ግን እሳቸው ናቸው የከፈሉት።

ዛሬ ወልቂጤ ላይ ደላላው በቴሌግራም ነው። ሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላማ የቤት ዋጋ ሲጠሩ ቁጥሩን ሰምቼ መጨረስ ያቅተኛል። የእኔን ቤት የሚጠይቁኝ ወጣቶች ደውለው "አባባ፣ ስንት ይድረስዎት?" ይሉኛል። የዚያን ጥያቄ ትርጉም ካወቅሁ ወዲህ ስልኩን ስዘጋው እጄ አይንቀጠቀጥም።

ለልጄ መልሼ ደወልኩ። ምክር አልሰጠሁትም፤ መካሪ ሆኜ ከሆነ ደግሞ እንጃ። "ሰውየው ዋጋውን በአፉ ነግሮሃል?" አልኩት። "አዎ፣ አንድ በመቶ ነው፣ ብድሩ ሲፈቀድ።" "ከባንኩስ፣ ከሻጩስ ይቀበላል?" "አልጠየቅሁትም።" "ጠይቀው። መጀመሪያ ግን ራስህ ባንኩ ሂድና የብድር ክፍሉን አነጋግር፤ አያስከፍሉህም። ስትከራከር አትፈር። በዕድሜ ታላቅህ ከሆነ ደግሞ እርስዎ በለው።" ሳቀብኝ። "አንተ ግን ያኔ ለቤቱ ጠቅላላ ስንት አወጣህ?" ሲለኝ ነው ሳጥኗን ዳግም መበርበር የጀመርኩት።

ለአማካሪው የሰጠሁት ደረሰኝ የለውም፤ ያቺ ባለ ሁለት ገጽ ጥናት ግን አለች፣ ስሜም እንደተሳሳተ ነው። ለእጣው የከፈልነው በዳኛው መጽሐፍ ላይ በእርሳስ ነበር፤ መጽሐፉን ልጆቻቸው የት እንዳደረሱት እንጃ። ለደላላው የሰጠሁት በዛፉ ሥር ቀረ። አዶት ብሩን የቋጠረችበት ጨርቅ ተጣጥፎ ከታች ተቀምጧል። ማኅተም ያለበት አንድ ደረሰኝ ብቻ አገኘሁ፤ የመንግሥት የቴምብር ቀረጥ፣ እሱም ሁለት በመቶ፣ 2,400 ብር። ሒሳቡን ስሩት። ውሉ ላይ ያስጻፍነው 120 ሺህ ነበር።

የፈረምኩትም እኔ ነኝ።